በዐ፣ በተ እና በሰ የሚሣል ማስታወሻ

(የመክፈቻ ሙዚቃ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይደበዝዛል)

ለዛሬው ትምህርት አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ያስፈልገናል። አዲስ ደብተር መግዛት አያሻም፤ የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ጀርባም ይበቃል። መኪና እያሽከረከራችሁ የምትሰሙን ግን እጃችሁ ከመሪው አይነሳ፤ ለጊዜው በጆሮ ተከተሉን፤ ማታ ቤት ስትገቡ ትሞክሩታላችሁ።

ርእሳችን በሥዕል ማስታወሻ መያዝ ነው። «ሥዕል በሬዲዮ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ላሳያችሁ የምችለው ሰሌዳ የለኝም። ነገር ግን እናንተም እኔም እኩል የምናውቃቸው ቅርጾች አሉ፤ በልጅነታችን እየጮኽን የቆጠርናቸው። እስቲ የዓይኑን «ዐ» ጻፉልኝ። ከሥሩ አስጠግታችሁ «ተ»ን ጻፉ። ከ«ተ» ግርጌ ደግሞ «ሰ»ን ጨምሩ።

(አጭር ፋታ)

ምን ወጣላችሁ? ከላይ ክብ ራስ፣ መሐል ላይ የተዘረጉ ሁለት እጆች፣ ከታች ሁለት እግሮች። ሰው ሣላችሁ! «እኔ ሥዕል አይሆንልኝም» የምትሉ ሁሉ፣ ፊደል የለያችሁ ዕለት ሆኖላችሁ ነበር ማለት ነው። «ዐ» ፀሐይም ሳንቲምም ይሆናል፤ «ሀ» ጎድጓዳ ሳህን፣ «በ» በር፣ «ሰ» የጎጆ ጣሪያ። በዚህ ላይ ቀስት ጨምሩበት፤ አንድ ነገር ወደ ሌላው ሲሄድ ወይም አንዱ ሌላውን ሲያስከትል የምናሳይበት፣ ጫፉ የሾለ መስመር። ለማስታወሻ የሚበቃ መሣሪያ ይኸው ነው።

ዛሬ ከእኔ ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሥዕል የተያዘ ማስታወሻ በውበቱ አይመዘንም። የሚመዘነው በማግስቱ መጽሐፉን ዘግታችሁ፣ ሥዕሉን ብቻ እያያችሁ፣ ትምህርቱን ለሌላ ሰው ማስረዳት ስትችሉ ነው። ስታስረዱ የተደናቀፋችሁበት ቦታ ደግሞ ቀጣዩ ሥዕል ምን እንደጎደለው ይነግራችኋል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

እኔ የተማርኩት መምህራችን ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ሞልተው፣ እኛ እየተሻማን በምንገለብጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ዳስተሩን ሲያነሱ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቲቸር፣ አልጨረስንም!» ይል ነበር። የእኔ ደብተር ሰው የሚዋሰው ዓይነት ነበር፤ ጽሕፈቱ ያምራል፣ የጎደለ መስመር የለውም። ለፈተና ስከፍተው ግን የሌላ ሰው ደብተር የማነብ ይመስለኝ ነበር። እጄ ሲገለብጥ እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ።

ካደግሁ በኋላ ደግሞ በሥዕል መያዝ ይረዳል ሲሉ ሰማሁና ስድስት ዓይነት ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች ገዛሁ። አንድ ሥልጠና ላይ ተቀምጬ ርእሱን በወፍራም ፊደል ጽፌ፣ ዙሪያውን በሐረግ አስጊጬ ቀና ስል አሠልጣኙ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ደርሰዋል። ሁለተኛው ነጥብ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እነዚህ ሁለት ስሕተቶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። መጀመሪያ ገለበጥኩ፣ ቀጥሎ አስጌጥኩ፤ በሁለቱም ጊዜ «ይህ ነገር ምን ማለት ነው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ሥዕል የሚጠቅመው ይህን ጥያቄ በግድ ስለሚያስጠይቅ ነው። «ትነት» የሚለውን ቃል ሳይገባችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ልትሥሉት ስትነሱ ግን ውሃው የት ነው ያለው? ወዴት ነው የሚወጣው? ምን አሞቀው? የሚሉት ሁሉ መልስ ካላገኙ እስክሪብቶው አይንቀሳቀስም።

በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ተመራማሪዎቹ ለተሳታፊዎች ተራ ቃላትን እየሰጡ አንዳንዱን ደጋግመው እንዲጽፉት፣ አንዳንዱን እንዲሥሉት አደረጉ። ቆየት ብለው ሳይታሰብ «የምታስታውሱትን ንገሩን» ሲሏቸው የተሣሉት ቃላት ከተጻፉት በብዙ በልጠው ተገኙ። ለአንድ ቃል 4 ሰከንድ ብቻ በተሰጠበት ሙከራም ብልጫው አልጠፋም። በ4 ሰከንድ ውስጥ ማንም ሰው የሚያምር ሥዕል አይሥልም፤ ስለዚህ የረዳው ውበቱ አይደለም።

ይሁንና ያ ሙከራ የተሠራው በነጠላ ቃላት ነው። የ40 ደቂቃ ትምህርት ከነምክንያቱና ከነውጤቱ ወረቀት ላይ ማስፈር ከዚያ ይከብዳል፤ ልምምድ ይጠይቃል። ወደ ልምምዱ ከመግባታችን በፊት ግን ከእኛው ቤት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ።

ዜማ የሚማር የቤተ ክርስቲያን የአብነት ተማሪ የዜማ መጽሐፉን፣ ድጓውን፣ ሲገልጥ፣ ከግእዙ ጽሑፍ በላይ ደቃቅ ምልክቶች ተደርድረው ያያል። ዋናዎቹ ስምንት ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ። ትውፊቱ ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ ሰጥቶ፣ ምልክቶቹን ያደራጇቸው በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይላል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ምልክቶች ዜማውን ሰምቶት ለማያውቅ ሰው ብዙም አይናገሩም። ከመምህሩ አፍ የተቀበለው ተማሪ ግን ድፋትን ሲያይ ድምፁ የት እንደሚደፋ ትዝ ይለዋል። የእኛም ማስታወሻ ሥራው ይኸው ነው፤ ያልተማርነውን ሊያስተምረን ሳይሆን የተማርነውን ሊቀሰቅስልን።

ሁለት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው። ሁለተኛ፣ ትርጉማቸው አይቀያየርም። በቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕልም እንዲሁ ነው፤ በጥንቱ ልማድ ጻድቁ ሙሉ ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ በሁለት ዓይን፣ ክፉው ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል። ማንበብ የማይችል ምእመን ማን ከማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ይለያል፤ ደንቡ ከግድግዳ ግድግዳ ስለማይለወጥ ነው። ዛሬ ቀስትን «ያስከትላል» ለማለት፣ ነገ «ተመልከት» ለማለት፣ ከነገ ወዲያ ለጌጥ የሚጠቀም ሰው በወሩ የራሱን ደብተር ማንበብ ያቅተዋል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ልምምዱ እንግባ፤ በዙር የሚሄድ ስለሆነ ከዙሩ ሐሳብ እንጀምር። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ «ካይዘን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ አይታችኋል፤ ቀጣይነት ያለው መሻሻል ማለት ነው። አገራችን ውስጥ በ2009 በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ላይ ተሞከረ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከሐሳቡ ምንጮች አንዱን ብንከተል ግን የምንደርሰው ሥዕል ላይ ነው። ዋልተር ሹዋርት የሚባል አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ባለሙያ በ1939 ባሳተመው መጽሐፍ የፋብሪካን ሥራ ሦስት ደረጃዎች፣ ማለትም ምን እንደሚመረት መወሰንን፣ ማምረትንና መመርመርን፣ በቀጥታ መስመር ከመደርደር ይልቅ በክብ ሣላቸው። መስመሩ ሲታጠፍ ትርጉሙ ተለወጠ፤ ምርመራ የሥራው መጨረሻ መሆኑ ቀርቶ የሚቀጥለው ሥራ መነሻ ሆነ። ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባለ ባለሙያ ሐሳቡን በ1950 ጃፓን ሄዶ አስተማረው፤ ጃፓኖቹም በአራት ከፈሉት፦ ማቀድ፣ መሥራት፣ መፈተሽ፣ ማስተካከል። ከዚያ እንደገና ማቀድ።

ዴሚንግ በስተርጅናው «መፈተሽ» የሚለውን ቃል አልወደደውም፤ «ማጥናት» ይባል ይል ነበር። በአማርኛ ስናየው ልዩነቱ ይበልጥ ይገባናል። ፍተሻ በር ላይ ያለው ጥበቃ የሚያደርገው ነው፤ ቦርሳችሁን ከፈት አድርጎ «እለፍ» ወይም «ቁም» ይላል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ አይመራመርም። ማጥናት ግን ከ«ጠና» ጋር የሚዛመድ ቃል ነው፤ የላላውን ፈልጎ ማጥበቅ አለበት። ስለዚህ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ ሥዕላችንን «ጥሩ ነው»፣ «መጥፎ ነው» ብለን አናሳልፈውም፤ የት ላላ? ለምን ላላ? እንላለን።

ዙሩ ሲሠራ በቅርብ እንየው። የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። በቀደም ዕለት የደም ዝውውርን ትምህርት ይዛ መጣች። ከጎኔ አስቀምጬ «ሣዪው» አልኳት።

«አክስቴ፣ ሥዕል አልችልም እኮ» አለች።

«ፊደል ትጽፊያለሽ አይደል?» ብዬ ጀመርን።

የመጀመሪያው ወረቀቷ ላይ መሐል የሚያምር ቀይ ልብ አለ፤ የፍቅር ደብዳቤ ላይ የሚሣለው ዓይነት። ዙሪያውን ብዙ መስመሮች ይወጣሉ። በማግስቱ መጽሐፉን ወሰድኩባትና «በይ አስረጂኝ» አልኳት። «ደሙ ከልብ ይወጣና... ወደ ሰውነት ይሄድና... ይመለሳል።» አለቀ። ሳንባ የት ገባ? ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ከአፏም አልወጣም። መስመሮቹም ጫፋቸው ስላልሾለ የሚሄደውና የሚመለሰው አይለይም።

ሁለተኛውን ዙር እናንተም ከእኛ ጋር ሥሩት። ወረቀታችሁ መሐል ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ፤ ውስጡን እንደ መስኮት በመስቀል ለአራት ክፈሉት። ይህ ልብ ነው፤ ሁለት የላይኛ፣ ሁለት የታችኛ ክፍሎች አሉት። ከመስኮቱ በላይ ትልቅ «ዐ» ሣሉና «ሳንባ» በሉት። ከመስኮቱ በታች ሌላ «ዐ»፤ እሱን «ሰውነት» በሉት።

(ፋታ)

አሁን በቀስት እንሂድ። ከሰውነት ተነሡና በወረቀቱ ግራ በኩል ወደ ላይኛው ግራ ክፍል ግቡ። ከእሱ ወደ ታችኛው ግራ ክፍል ውረዱ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ሳንባ። ከሳንባ ወደ ላይኛው ቀኝ ክፍል ተመለሱ፤ ወደ ታችኛው ቀኝ ክፍል ውረዱ፤ ከዚያም ወደ ሰውነት። የተነሣችሁበት ደረሳችሁ።

(ፋታ)

መንገዱን በጣታችሁ ብትከተሉት የ8 ቁጥር ቅርጽ ይወጣዋል። አንደኛው ቀለበት ወደ ሳንባ፣ ሁለተኛው ወደ ሰውነት፤ መገናኛቸው ልብ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ የጎልማሳ ሰው ልብ በደቂቃ ወደ 5 ሊትር ደም ይረጫል፤ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም ጠቅላላ መጠንም ወደዚያው ይጠጋል። አሁን በጣታችሁ የዞራችሁትን መንገድ ደማችሁ በአንድ ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ልጅቷ በዚህ ሥዕል ጥሩ አድርጋ አስረዳች፤ ግን አንድ ቦታ ተያዘች። «የልብ ቀኝ ክፍል ደሙን ወደ ሳንባ ይልካል ይላል መጽሐፉ፤ የእኔ ሥዕል ላይ ግን ግራው ነው የሚልከው።» ወረቀቱን አገላበጠችው። መልሱ ቀላል ነው፤ ልቡ የሚሣለው ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ልብ ሆኖ ነው። የእሱ ቀኝ በእኛ ግራ በኩል ይውላል። ስለዚህ በሦስተኛው ወረቀት የተለወጠው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ በወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ «ቀኙ»፣ በቀኙ ጠርዝ ላይ «ግራው» ብላ ጻፈች። እናንተም ጨምሩ።

በአራተኛው ቀን ያደናቀፋት የደም ቧንቧዎቹ ስም ነበር። «ደም ቅዳ ኦክስጂን የያዘ ደም ይወስዳል» ብላ ሸምድዳለች፤ ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደው ቧንቧ ደም ቅዳ ሆኖ ሳለ ኦክስጂን ያነሰው ደም መያዙ አልገባ አላት። በአራተኛ ወረቀት ሥዕሉን አስተካከለችው፤ ኦክስጂን የበዛበትን መንገድ በድፍን መስመር፣ ያነሰበትን በቁርጥራጭ መስመር ሣለች። ያኔ ወረቀቷን እያየች ራሷ ደረሰችበት፦ «ለካ ስሙ የሚወጣው በአቅጣጫው ነው! ከልብ የሚቀዳው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ።» ይህን የነገርኳት እኔ አይደለሁም። ሁለቱ የመስመር ዓይነቶች ናቸው።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ከአራቱ ወረቀቶች ምን እንማራለን? መጀመሪያ፣ ከሁለተኛው ወረቀት ወዲህ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ነገር ብቻ ነው የተለወጠው። ሁሉንም ባንዴ ብንቀይር ኖሮ የትኛው ለውጥ እንደረዳት አናውቅም ነበር። ቀጥሎ፣ ለውጡ የመጣው ከመሰናክሉ እንጂ «ላሳምረው» ከማለት አይደለም። ቀዩ ልብ ከሁሉም ያምር ነበር፤ ከሁሉም ያነሰ የረዳትም እሱ ነው።

«ደግሜ ባነበው አይሻልም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ይህንኑ መርምረዋል። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ለመጻፍ የታገሉት ሆኑ። ደግሞ ማንበብ የሚሰጠን የማወቅ ስሜት ቶሎ ይከዳል። ለዚህ ነው ሦስተኛው ደረጃ ላይ መጽሐፉ ይዘጋ የምለው።

አሮጌዎቹን ወረቀቶች አትጣሉ። ቻርልስ ዳርዊን በ1837 የማስታወሻ ደብተሩ ላይ ቅርንጫፍ የሚያበጅ የጭረት ዛፍ ሣለ፤ ሕያዋን ከአንድ ግንድ እየተከፈሉ እንዴት እንደሚበዙ ለራሱ ለማሳየት። የሕፃን ሥራ የሚመስል ሥዕል ነው። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በ1859፣ ታላቁ መጽሐፉ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ሥዕል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያው የቅርንጫፍ ሐሳብ፣ ተስተካክሎና ተሰድሮ። የመጀመሪያው ጭረት አስቀያሚ ነው ብሎ ቀድዶት ቢሆን ኖሮ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ማን ያይ ነበር?

ሁሉ ነገር ይሣል ማለቴም አይደለም። የሚንቀሳቀስ፣ የሚከፋፈል፣ የሚነጻጸር፣ አንዱ ከሌላው የሚከተል ነገር ለሥዕል ይመቻል። የሕግ አንቀጽ፣ ትርጓሜ፣ የሒሳብ ቀመር ግን ቃሉ ራሱ ሳይዛነፍ መያዝ ስላለበት በጽሑፍ ይሻላል። ደግሞም ተናጋሪው ሲፈጥን አትሣሉ፤ ቁልፍ ቃሉን ብቻ ጽፋችሁ አጠገቡ ክፍት ቦታ ተዉ። ሥዕሉን እዚያው ዕለት፣ ትምህርቱ ሳይበርድ ትሞሉታላችሁ። ያን ብልሃት ቀድሜ አውቄው ቢሆን የዚያ ሥልጠና ሁለተኛ ነጥብ ባላመለጠኝ ነበር።

እንግዲህ የቤት ሥራ። ሦስት ሳምንት ነው የምሰጣችሁ፤ በየሳምንቱ አንድ ዙር።

በአንደኛው ሳምንት ዕቅዳችሁ አንድ ይሁን፦ ከአምስት የማይበልጡ ምልክቶች ምረጡ፤ ትርጉማቸውን በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉ። በየቀኑ አንድ ትምህርት፣ ስብከት፣ ስብሰባ ወይም ዜና በአንድ ገጽ ሣሉ። በማግስቱ ሥዕሉን ብቻ እያያችሁ ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ ወይም ለሥራ ባልደረባችሁ አስረዱ። ስትደናቀፉ ገጹ ላይ ነጥብ አድርጉ።

በሁለተኛው ሳምንት ነጥቦቹን ቁጠሩ። የሚበዙት የት ነው? አቅጣጫ ላይ ከሆነ ቀስቶቻችሁን አስተካክሉ። ገጹ ተጨናንቆ ከሆነ ካይዘን ማጣራት የሚለውን አድርጉ፤ ለማስረዳት ያልተጠቀማችሁበት ሥዕል ሁሉ ከቀጣዩ ገጽ ይውጣ። አንድ ለውጥ ብቻ ምረጡና ሳምንቱን በእሱ ሥሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሥዕሉንም ዝጉት። በባዶ ወረቀት ከትዝታችሁ መልሳችሁ ሣሉት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የቀረውን ፈልጉ። የቀረው ነገር የአራተኛው ሳምንት ዕቅድ ነው።

ሦስት ሳምንት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ጊዜ ብቻውን የሠራው ይመስል። ዶሮ ያረባ ሰው ግን ያውቃል፤ እናቲቱ በእነዚያ 21 ቀናት ውስጥ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በቀን ደጋግማ በመንቆሯ እንቁላሎቹን ታገላብጣቸዋለች፤ ሳይገላበጥ ከከረመ እንቁላል ጫጩት የመውጣቱ ዕድል ይቀንሳል። እናንተም ያን የደረሰኝ ጀርባ አትጣሉት፤ ነገ ጠዋት አውጡና አገላብጡት።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)